በእጄ የሞላሁት የብሎን ዝናር

ይህ ነገር ተጽፎ የሰው ጊዜ መውሰድ ይገባው እንደሆነ እስካሁን አላውቅም። ሰው አልሞተበትም፣ ቤት አልተቃጠለበትም። አንድ መሣሪያ ብሎን እየነከሰ አስቸገረ፤ እኔም ምክንያቱን እያወቅሁ አራት ቀን ዝም አልሁ። ዛሬ የዩኒቨርሲቲ የአንደኛ ዓመት ተማሪ ሆኜ ስጽፈው ግን አሁንም ያሳፍረኛል።

የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤት በምንጠብቅበት ክረምት፣ ሰቆጣ ውስጥ ከአንድ አናጢ ጋር ሥራ ያዝሁ። የአባቴ ወዳጅ ናቸው፤ ጋሼ ነው የምላቸው። የደብሩን የሰንበቴ ቤት ኮርኒስ ሊሠሩ ተስማምተው ነበር። ኮርኒሱ ጂፕሰም ነው፤ አዲስ አበባ የሚኖር አንድ የደብሩ ተወላጅ ከነመሣሪያው የላከው። ጂፕሰም መዶሻ አይወድም፣ ይሰነጠቃል።

መሣሪያው ድሪል ይመስላል። ልዩነቱ ብሎኖቹ በላስቲክ ጥብጣብ ላይ ተደርድረው፣ ሰው ሲጫነው አንድ በአንድ ራሳቸው ወደ አፉ መምጣታቸው ነው። ባዶው ጥብጣብ በሌላ ወገን ይወጣል። ጋሼ ጥብጣቡን ገና ሲያዩት «ይሄማ ዝናር ነው» አሉ፤ ከዚያ ወዲያ ሌላ ስም አልነበረውም።

ሥራው ፍልሰታ ሳይገባ ማለቅ ነበረበት። ሱባዔ የሚይዙት አዛውንቶች ከዝናብ የሚጠለሉት እዚያ ቤት ነው፤ የእኛ መወጣጫ ግን ቤቱን ሞልቶት መቀመጫ አልነበረም። የደብሩ አለቃ በየቀኑ ብቅ እያሉ ወደ ላይ ያንጋጥጣሉ። «ልጆቼ፣ ጾሙ እናንተን አይጠብቅም እኮ!»

መሣሪያውን የሚይዘው ከአበርገሌ የመጣ የጋሼ ሠራተኛ ነበር። ሚስቱ የመጀመሪያ ልጃቸውን ልትወልድ ደርሳለች። እኔ የጂፕሰሙን ሰሌዳ ደግፌ እይዛለሁ፣ የወደቀ እለቅማለሁ።

ጥፋቴ የመጣው ከመልቀሙ ነው። በእኛ አገር የጎደለ ዝናር መልክ የለውም። አባቴ ለበዓል ሲወጣ ጥይት ካነሰው ቦታውን በተተኮሰ ባዶ ቀለህ ሞልቶ ነው የሚታጠቀው። ያን እያየሁ አድጌ፣ በምሳ ሰዓት የወደቁትን ብሎኖች ከመሬት እየለቀምሁ ባዶው ጥብጣብ ላይ በጣቴ እሰካቸውና ከአዲሶቹ ጋር ሣጥን ውስጥ እመልሳቸው ነበር። ማንም አላዘዘኝም። ጋሼ አይተው «ጎበዝ!» እንዲሉኝ ነበር የፈለግሁት። አላዩኝም።

ማክሰኞ መሣሪያው መንከስ ጀመረ። ብሎኑ ተንጋዶ ይመጣና አፉ ውስጥ ይሰነቀራል፤ ሞተሩ ያጓራል፣ ጂፕሰሙ ይቦጨቃል። ጋሼ «ከቀላሉ ጀምር» ባይ ናቸው። ኃይል አንሶት እንደሆነ ብለው ከጀነሬተሩ የሚመጣውን ረጅም ገመድ በአጭር ቀየሩ። አምስት ብሎን በደንብ ገባ፣ ስድስተኛው ተሰነቀረ። ከኤሌክትሪኩ ነቅለው አፉን ፈቱና የጂፕሰሙን አቧራ በጥርስ ብሩሽ ጠረጉ።

«ዘይት ላድርግበት ጋሼ?»

«አቧራውን ልታቦካው ነው? ተው!»

ብሎኑን የሚያዞረውን ጫፍ በጥፍራቸው ዳሰሱ፤ ተበልቷል ብለው በትርፉ ለወጡት። ብሎኑ ምን ያህል እንደሚጠልቅ የሚወስነውን ቀለበት አላሉ፣ መልሰው አጠበቁ። እኔ ሁሉንም በደብተሬ እጽፋለሁ። ዝናሩን ብቻ አልመረመሩም፤ አዲስ ዕቃ ነዋ፣ ማን ይጠረጥረዋል?

ሐሙስ ከሰዓት ተንጋዶ ከወጣ አንድ ብሎን ላይ የደረቀ ጭቃ አየሁ። ከሣጥን የወጣ አዲስ ብሎን ጭቃ የለውም። እኔ ከመሬት የለቀምሁት ነው። ብሎኑን ኪሴ ከተትሁ። ያኔውኑ ጋሼ ሠራተኛው ላይ ጮኹ።

«ፍየል መሰለህ፣ በጆሮው የምትጎትተው?»

«ጋሼ፣ እንዳሳዩኝ ነው እኮ የያዝሁት።»

«የሰው ንብረት ላሰብር አልችልም! ሰኞ ካልሠራ ዕቃህን ሸክፈህ አበርገሌህ ግባ።»

ሰውዬው ከመወጣጫው ወረደና በኽምጣና ለራሱ አጉረመረመ። ቋንቋውን እሰማለሁ። «ለሚስቴ ምን ብዬ እገባለሁ?» ነበር የሚለው። እንዳልሰማ ሆኜ ወለሉን ጠረግሁ።

ዓርብ የወሩ መድኃኔ ዓለም፣ ቅዳሜና እሑድ ሰንበት፤ ሦስት ቀን ሥራ የለም። እንደዚያ የረዘመ በዓል አላውቅም። ብናገር ጋሼ ለአባቴ ይነግራሉ። ዝም ብል ሰውዬው ይባረራል። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ለንስሐ አባቴ ሹክ አልኋቸው። እስከ መጨረሻው ሰሙኝና «ይሄ በእኔ የሚፈታ አይደለም። የበደልኸው ሰው በሕይወት አለ፣ ሂድና ንገረው» ብለው ቀሚሳቸውን ሰብስበው ሄዱ።

ሰኞ ስደርስ ሠራተኛው በር ላይ ቆሟል። ጋሼ ጀነሬተሩን ሊያስነሱ ጎንበስ ብለዋል።

«ጋሼ፣ አያስነሱት። ዝናሩን የሞላሁት እኔ ነኝ።»

«የምን ዝናር?»

ባለ ጭቃውን ብሎን አውጥቼ ሰጠኋቸው፤ ነገሩን ሁሉ ነገርኋቸው። ሣጥኑን ገለበጡ። ብሎኖቹን በጣታቸው ገፋ ገፋ ሲያደርጉ የእኔዎቹ እንደ ወተት ጥርስ ይወዛወዛሉ። አንድ ጊዜ ብሎን የወጣበት ቀዳዳ ተቀዶ ስለሚሰፋ ሁለተኛ አይጨብጥም።

«ሐሙስ እኔ ስጮህበት ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር፣ ጋሼ።»

አልተሳደቡም። ቢሳደቡ ይሻለኝ ነበር። ወደ ሠራተኛው ዞረው «ና፣ ያዘው» አሉትና ጥብቅ ዝናር አጎረሱለት። ብሎኖቹ ቀጥ ብለው ገቡ፣ አንዱም አልተንጋደደም። «ይቅር በለኝ፤ ካንተ ሳይሆን ከተማረው ነው ጉዱ» አሉት።

ጥብቆቹ ዝናሮች አልቀው አራት ሰሌዳ ቀረ። ሌላ ሣጥን በአቅራቢያችን አይገኝም። የላላውን ሁሉ ነቅዬ፣ ብሎኑን በጨርቅ እየወለወልሁ በእጅ ካቻቢቴ ማሰር ጀመርሁ። መዳፌ ውኃ ቋጠረ። ሠራተኛው ሰሌዳውን በአናቱ ደግፎ ያዘልኝ።

«አራት ቀን ሙሉ እንዴት እንቅልፍ ወሰደህ?» አለኝ።

«አልወሰደኝም።»

«እኔንም። ይልቅ አጥብቀው፣ አንገቴ ተቆረጠ።»

መወጣጫውን አፍርሰን ስናወጣ አዛውንቶቹ አጎዛቸውን ይዘው በር ላይ ቆመው ነበር። ሰውዬው ከጋሼ ጋር ሥራውን ቀጠለ። የመጨረሻው ብሎን የታሰረው በጾሙ ዋዜማ፣ ሰኞ፣ ሐምሌ 30 ቀን 1999 ዓ.ም. ነው።