የክሊኒኩ ፋየርዎል እና የምሳ ሰዓት

የምሠራው መቀሌ፣ ሓድነት ክፍለ ከተማ ውስጥ ባለች አንዲት ክሊኒክ ነው። ወረቀት አላስወጣ ካለው ፕሪንተር ጀምሮ ኮምፒውተር ነክ ነገር ሁሉ የኔ ነው። አንድ ቀን ቫይረስ ገብቶ የሕሙማንን ፋይል ቆለፈብን። የክሊኒኩ ባለቤት ዶክተሩ ጠሩኝና፣ "ለኔትወርካችን ዘበኛ ፈልግለት፤ ግዙ የምትለኝ ነገር ግን እንዳታመጣ" አሉኝ። ዘበኛው እንግዲህ ከዕቃ ቤት የወጣ አሮጌ ኮምፒውተር ሊሆን ነው፣ በላዩ ላይ የሚገባውንና የሚወጣውን የሚቆጣጠር፣ ፋየርዎል የሚባል ነጻ ፕሮግራም ተጭኖበት።

ነጻዎቹ ደግሞ አንድ ቢሆኑ ምን ነበረበት! ሁለት ሆነው አናቴን አዞሩት። ኢንተርኔት ላይ አንዱን የሚያመሰግን ሌላውን ይረግማል። ሁሉም እርግጠኛ ነው፤ እኔ ብቻ ነኝ ግራ የገባኝ። አንዱን ጭኜ አጠፋሁ፣ ሌላውን ጭኜ አጠፋሁ፣ ተመልሼ የመጀመሪያውን ጫንኩ። ለምን እሱን መረጥክ ብትሉኝ፣ ሳይደክመኝ አልቀረም።

ከዚያ ለሳጥኑ ማን ይለፍ፣ ማን ይቅር የሚል ሕግ ማውጣቱ መጣ። መመሪያው "መጀመሪያ ሁሉንም ዝጋ፤ ቀጥሎ የሚያስፈልገውን ብቻ ክፈት" ይላል። ለሌላ አገር ሰው ቀላል ምክር ነው። እኔ ግን ከመሃል አገር መጥቼ እዚህ ያገባሁ ሰው ነኝ፤ በጦርነቱ መቀሌ ስልኩም ኢንተርኔቱም ባንኩም ተዘግቶ፣ ዱቄትና ነዳጅ በጠፋባት ጊዜ እዚሁ ነበርኩ። እናቴ ልሙት ልኑር ሳታውቅ ከርማለች። "ሁሉንም ዝጋ" የሚለውን ልጫን ስል እጄ እምቢ አለኝ። ተነስቼ ውሃ ጠጥቼ ተመለስኩና ጫንኩት።

የሠራተኛው ስልክ ዋይፋዩን እያጨናነቀ፣ አዲስ አበባ ላለው ሐኪም የምንልከው ኤክስሬይ አልሄድ ብሎ ነበር። ስለዚህ ዶክተሩ የሠራተኛ ስልክ በምሳ ሰዓት ብቻ ይከፈት አሉ። ይህ የከበደው ከሁሉ በላይ አደይ፣ እናታችን፣ እያልን ለምንጠራቸው አንጋፋ ነርስ ነው። አንዲት ልጃቸው አዲስ አበባ ናት። በዚያ ጊዜ ድምጿን ሳይሰሙ ስለከረሙ፣ አሁን በየቀኑ በቪዲዮ ፊቷን ካላዩ ምሳ አይወርድላቸውም።

"አይዞዎት፣ ከስድስት እስከ ሰባት ክፍት ነው" አልኳቸው።

"ይኹን ወደይ፣ እሺ ልጄ፣ እሷን ካየሁ ይበቃኛል።"

በማግስቱ ስድስት ሰዓት ሲሆን ሁላችንም ስልካችንን አወጣን። ምንም የለም። ዋይፋይ እያለ የሞባይል ዳታ የገዛ ሰው ከመሃላችን አልነበረም። አደይ በመደበኛው የስልክ መስመር ደወሉ፤ ይጠራል፣ ልጅቷ አታነሳም።

"ዋይ ኣነ፣ ወዮልኝ! ደግሞ ዘጉት?" አሉ።

የካርድ ክፍሏ ልጅ ቦርሳዋን አንስታ ብሯን ልታወጣ ወደ ባንክ ሄደች። አንዱ ስለ ነዳጅ አወራ። እኔስ? ያንን ሳጥን በገዛ እጄ ያቆምኩት ሰውዬ፣ ሳጥኑ ትዝም አላለኝ! ለባለቤቴ ደውዬ "ቶሎ ብለሽ ዱቄት ግዢ" አልኳት። ለምን ብላ አልጠየቀችኝም። ከዚያ ከአደይ ጋር ተያይዘን ማዶ ወዳለው ሱቅ ሮጥን፤ እሳቸውም አንድ ከረጢት፣ እኔም አንድ ከረጢት ገዛን።

ባለሱቁ መልስ እየሰጠኝ ስልኩ ላይ ቪዲዮ አይቶ ይስቃል።

"ኢንተርኔት አለ እንዴ?" አልኩት።

"ምን ሆኖ ይጠፋል?"

ያኔ ነው የገባኝ። ከረጢቱን ተሸክሜ ወደ ክሊኒኩ ተመለስኩ። ሳጥኑ ያዘዝኩትን አንድም አላጎደለም። የፈረንጅ ሰዓት ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም፤ ለአደይ የነገርኳቸውን ቁጥር እንዳለ ጻፍኩለት። ለሱ ስድስት ሰዓት ማለት ማለዳ፣ እኛ ዐሥራ ሁለት የምንለው ነው። ገና የግቢው ጥበቃ ብቻውን ሳለ ከፍቶ፣ እኛ ሳንመጣ ዘግቶታል።

አደይ ከኋላዬ ቆመዋል።

"አደይ፣ የዘጋሁት እኔ ነኝ" አልኳቸው። ይቆጡኛል ብዬ ነበር። ፊቴን በሁለት እጃቸው ያዙት።

"አንተ ነህ? አንተ ብቻ ነህ?"

"እኔ ብቻ ነኝ።"

"ተመስገን!" አሉና አለቀሱ። እኔም አላስቻለኝም።

ሰዓቱን አስተካከልኩ። የአደይ ልጅ በቪዲዮ ብቅ አለች፤ ስብሰባ ላይ ሆና ነው ያላነሳችው። አደይ ስለ ዱቄቱ ምንም አልነገሯትም። ጨርሰው ሲነሱ፣ ባለሱቁ ደግ ሰው ስለሆነ ከረጢቶቹን ብንመልስለት እንደሚቀበለን ነገርኳቸው።

"ይቀመጥ" አሉኝ።

የኔንም ይዤ ቤት ገባሁ። ነገሩን እየሳቅሁ ለባለቤቴ ነገርኳት። እሷ አልሳቀችም። ከረጢቱን ተቀብላኝ፣ እሷ ከገዛችው ጎን ቦታ አበጀችለት።