ከመቶ ስልሳ ሁለት

ዴልሚ ሱኒጋ ስድስት ዓመት ሙሉ በአንድ የልብስ ፋብሪካ ዘጠነኛው የስፌት መስመር ላይ የካናቴራ አንገት ሰፍታለች። ቾሎማ ከተማ ውስጥ ከዚያ ወንበር የሚነሳ ሰው ወይ ወገቡ ተቀጭቶ ነው ወይ ተባሮ። እሷ ግን ቅዳሜ ቅዳሜ ኮምፒውተር ተምራ እዚያው ፋብሪካ ሪፖርት ክፍል ገባች። ገፋፍተው ያስመዘገቧት የዘጠነኛው መስመር ኃላፊ ዶኛ ኤልቪያ ናቸው። መርፌውን ለእኛ ተዪልን፣ አንቺ ወደ ቁጥሩ ሂጂ ብለው።

ሪፖርቱ ከባድ ነገር አልነበረውም። በሳምንቱ ከተበላሸው ካናቴራ ሁሉ እያንዳንዱ መስመር ከመቶ ስንቱን እንዳበላሸ ያሳያል፣ በቃ። ዴልሚ አርብ ከሥራ መውጫ ላይ፣ አሥራ ሁለቱም መስመሮች መዝግበው ሲጨርሱ ታወጣው ነበር። ሥራ አስኪያጁ ኢንጂነር ራፓሎ አርብን መጠበቅ ሰለቸው። እሷም ችሎታዋን ልታሳይ ቋምጣ ነበርና ሪፖርቱን ከዳታቤዙ ጋር በቀጥታ አገናኘችው። አንድ ካናቴራ ተበላሸ ተብሎ ሲመዘገብ የሁሉም መቶኛ እዚያው ስክሪኑ ላይ ይቀያየራል። አጨበጨቡላት። ደስ አላት፣ ለምን ደስ አይላት!

ጉዱ ያለው ምዝገባው ላይ ነው። አሥራ አንዱ መስመሮች ከተበላሸው አብዛኛውን ጠረጴዛ ሥር በከረጢት ያኖሩታል። ምሳ ሰዓት ላይ ባሌያዳቸውን፣ ባቄላ የተጠቀለለበትን ቂጣ፣ እየገመጡ የሚጠገነውን ይጠግናሉ፤ የተረፈውን አርብ ከሰዓት ያስመዘግባሉ። ዶኛ ኤልቪያ ግን ከረጢት አይወዱም። የተበላሸው እዚያው በተበላሸበት ሰዓት ይመዝገብ ባይ ናቸው። ዴልሚ ይህን ከማንም በላይ ታውቃለች። ያን ጊዜ ግን አልታሰባትም። ምን ዓይነት እርግማን ነው፣ ሰው ስድስት ዓመት የኖረበትን ነገር እንዴት ይረሳል?

በዚያው ሳምንት ሐሙስ ረፋድ ላይ የፋብሪካው ባለቤቶች ከአሥራ ሁለቱ ብዙ የሚያበላሸው አንዱ መስመር ይዘጋ ብለው ላኩ። ኢንጂነር ራፓሎ ስክሪኑን ከፈተ። እስከዚያ ሰዓት የተመዘገበው ሃምሳ ካናቴራ ነው፤ ሠላሳ አንዱ የዘጠነኛው። ከመቶ ስልሳ ሁለት። ዴልሚን ጠርቶ ቁጥሩ ልክ ነው ወይ አላት። እሷ የሒሳቡን ቀመር አየች፤ ቀመሩ ልክ ነበር። "ልክ ነው ኢንጂነር" አለች። ለምን ብሎ እንደጠየቃት እንኳ አላጣራችም።

አርብ ከሰዓት ከረጢቶቹ ተራገፉ። ድምሩ ስድስት መቶ ገባ፤ የዘጠነኛው መስመር ሠላሳ ስድስት። ከመቶ ስድስት፣ ከሁሉም ያነሰ። የመሰናበቻው ደብዳቤ ግን ጠዋቱን ታድሎ አልቆ ነበር፣ ለመስመሩ አርባ ሁለት ሴቶች። ዴልሚ ደረጃውን እየሮጠች ወጥታ የከረጢቱን ነገር አንድ ሳታስቀር ለኢንጂነሩ ነገረችው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይሄ ነው።

ኢንጂነሩ አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻላት ነበር። "ሐሙስ ልክ ነው አልሽኝ፤ ዛሬ ስህተት ነው ትይኛለሽ" አላት። "ለባለቤቶቹ ሰኞ ደግሞ ምን ልበላቸው?" የዘጠነኛው መስመር ማሽኖች በጭነት መኪና ሄደዋል ብሎ ወደ ወረቀቱ ዞረ።

ዶኛ ኤልቪያን ፋብሪካው በር ላይ ደረሰችባቸው። ሃምሳ አራት ዓመታቸው ነው፤ በዚያ አገር ሠላሳ አምስት ዓመት ያለፋትን ልብስ ሰፊ ደፍሮ የሚቀጥር የለም። ሁለቱም ያውቁታል። ዴልሚ ይቅርታ ልትል አፏን ከፈተች፤ እንባ ቀደማት።

"ቁጥሩን አንቺ ነሽ ያወጣሽው?" አሉ ዶኛ ኤልቪያ።

"እኔ ነኝ።"

"እኛ ከረጢት እንደሌለን ነግረሽው ነበር?"

"አልነገርኩትም።"

 ከዶኛ ኤልቪያ ኋላ የተሰናበቱት ሴቶች አውቶቡስ እየጠበቁ ነበር፤ አንዳንዶቹ እስካሁን ዴልሚን በተስፋ ያዩዋታል።

"እኔ ደግሞ" አሉ ዶኛ ኤልቪያ፣ "ላይ ቢሮ ልጃችን አለች፣ ዝም አትልም እያልኩ ሳጽናናቸው ዋልኩ።"