የተነቀለው ጥርስና የመስከረም በረዶ

የመጨረሻዋ መንጋጋዬ ድዴ ውስጥ ተጋድማ ስለበቀለች፣ ደብረ ማርቆስ ያለ የጥርስ ሐኪም ድዱን ቀዶ አወጣልኝ። ባለቤቴ ለሥራ ርቆ ስለነበር ከክሊኒኩ በቀጥታ አምበር ወደሚኖሩት አማቴ ዘንድ ሄድኩ። ከተጋባን ሦስት ዓመት ቢሆነንም ከእርሳቸው ጋር ከሰላምታ ያለፈ ወሬ አልነበረንም። ዝምተኛ ናቸው፤ እኔ ደግሞ ዝምታቸውን እኔን አለመውደድ አድርጌ ይዤው ነበር።

ማደንዘዣው ሚኒባስ ውስጥ ለቀቀኝ። ቤት ስደርስ ጉንጬ መወጠር ጀምሮ ነበር። አማቴ ገና ሲያዩኝ ጨው በጨርቅ ቋጥረው ለማሞቅ ወደ ምድጃው ሄዱ።

«እማማ፣ ዛሬ ሙቀት አይሆንም» አልኳቸው፣ ከንፈሬን እምብዛም ሳልከፍት። «ሐኪሙ ዛሬና ነገ በረዶ ያዢበት ነው ያለኝ። ሙቀቱ ከዚያ በኋላ ነው።»

«በረዶ? ከየት ይመጣል ልጄ?»

እውነታቸውን ነው። መብራት ከጠፋ ሁለተኛ ቀኑ ነበር፤ ለስላሳ የሚሸጡት ጎረቤት ማቀዝቀዣም ሙቀት ገብቶታል። ማስታገሻዬን ውጬ፣ ሁለት ትራስ ደርቤ ጋደም አልኩ።

ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ሰማዩ ጠቆረ። ወዲያው በረዶው ቆርቆሮውን ይደበድበው ጀመር። አማቴ በሩ ላይ ቆመው «እግዚኦ! እግዚኦ!» ይላሉ። ከቤቱ ጀርባ ያለው ጤፋቸው ዘርዝሮ ነበር፤ የባለቤቴ አባት ከሞቱ ወዲህ የዓመት ቀለባቸው እሱ ብቻ ነው።

ሲያባራ ነጠላቸውን ተከናንበው ወጡ። ማሳውን ሊያዩ መስሎኝ ነበር። ብዙም ሳይቆዩ ጎድጓዳ ሳህን ሙሉ በረዶ ይዘው ተመለሱ። በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልለው አጠገቤ ተቀመጡና ጉንጬ ላይ ያዙልኝ። ጣቶቻቸው በቅዝቃዜው ቀልተዋል።

«ጤፉስ?» አልኳቸው።

«አሁን ባየው አላቃናው። ይሄ ግን ይቀልጣል» አሉ።

ለሩብ ሰዓት ያህል ይዘው ያነሡታል፤ ፊቴ ሲያርፍ መልሰው ይይዙታል። ሕመሙ እየራቀ ሄደ። የቀዘቀዘ አጥሚት በማንኪያ እያጠጡኝ ባለቤቴ በልጅነቱ ጥርሱ ሲነቃነቅ እንዴት ይደበቃቸው እንደነበር አጫወቱኝ። ስስቅ ስፌቱ ወጋኝ።

በማግስቱ እብጠቱ ጨመረ፤ ሐኪሙ አስቀድሞ ስለነገረኝ አልደነገጥኩም። ለብ ባለ የጨው ውኃ ቀስ ብዬ መጉመጥመጥ ጀመርኩ። በሦስተኛው ቀን የአማቴ ሙቅ ጨርቅ ተራው ደረሰ።

በአራተኛው ቀን አብረን ማሳው ድረስ ሄድን። ግማሹ ጤፍ ተኝቶ ጭቃ ለብሷል፣ ግማሹ ቀና ብሏል። አማቴ ጎንበስ ብለው የወደቀውን ዳሰሱት። እኔም አጠገባቸው ጎንበስ አልኩ። ዝምታቸው ያን ቀን አልከበደኝም። ከዚያ ክንዴን ያዙና በጭቃው ውስጥ ቀስ እያልን ተመለስን።