ስብሰባ የማይጠራው የሆቴል አባልነት

ሆቴል ገብቶ ምሳ ለመብላት አባል መሆን ያስፈልጋል ሲባል የሰማሁት ከሰባ ዓመቴ በኋላ ነው። አባልነት ለኔ አዲስ ነገር ሆኖ አይደለም። የዕድር አባል ነኝ፤ የማርያም ማኅበር አባል ነኝ፤ የሰፈራችን የውሃ ኮሚቴ ውስጥም ነበርኩ። ሁሉም ጋ አባል ማለት ያው ነው። ያዋጣል፤ ስብሰባ ሲጠራ ይመጣል፤ ከቀረ ይቀጣል፤ ከመጣ ደግሞ ይጨቃጨቃል። ለመጨቃጨቁ እኔን የሚያህል የለም። ዕድሩ መዋጮ በጨመረ ቁጥር ብድግ ብዬ ለምን የምለው እኔ ነኝ። ብዙውን ጊዜ እሸነፋለሁ። ግን ተጠይቄ ነው የምሸነፈው።

ካርዷን ያመጣችብኝ ልጄ ናት። ባንክ ነው የምትሠራው። የዛሬ ሦስት ዓመት ለፋሲካ በግ ስጠብቅ መታወቂያ የምታህል ካርድ በፖስታ አድርጋ ሰጠችኝ። የአንድ ትልቅ ሆቴል ነው፤ ስሙን አልጽፍም። ለዓመት ይከፈልበታል። ባለካርዱ አንድ እንግዳ ይዞ ከሄደ ምሳው ለሁለቱም በግማሽ ዋጋ ነው። ብቻውን ከሄደ ግን ቅናሹ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። በዚያ ላይ ስቲም አለው፤ ለልደትም ኬክ ይሰጣሉ። እኔ የተወለድኩበትን ቀን ስለማላውቀው ልጄ ፎርሙ ላይ ግንቦት አንድ ብላ ሞላችልኝ። የልደታ ሰው ስለሆንክ ያምርብሃል አለችኝ።

እኔ ተቆጣሁ። ምሳው ለብቻ፣ ምሳ ለመብላት መፈቀዱ ደግሞ ለብቻ ይከፈላል ወይ ብዬ ስጮህ ልጄ እናቷን አየች። ያኔ ገባኝ፤ ካርዷ ላይ የኔ ስም ይጻፍ እንጂ የተገዛችው ለሌላ ሰው ነው።

ባለቤቴና እኔ አርባ ሦስት ዓመት አብረን ኖረናል። እኔ ጠመንጃ ያዥ ሰፈር ወርክሾፕ ነበረኝ፤ የብረት በርና መስኮት እበይድ ነበር። እሷ ቤት ውስጥ የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋ ነበር። በዚህ ሁሉ ዘመን ተቀምጣ ስትበላ አይቻት አላውቅም። አንድ ጉርሻ ትጎርስና ትነሣለች። ጨው ጎደለ፤ ውሃ አለቀ፤ በር ተንኳኳ፤ ዩኒፎርም የሚወስድ ሰው መጣ። ልጆቹ አግብተው ከወጡ በኋላም መነሣቷ አልቀረም። የሚያስነሣት ነገር ስታጣ ራሷ ትፈልጋለች።

ቀናችንን ሐሙስ አደረግነው። ረቡዕና ዓርብ ጾም ነው፤ ቅዳሜና እሑድ ለቅሶ ወይም ሠርግ አይጠፋም። የመጀመሪያው ሐሙስ መቼም አይረሳኝም። እኔ ገና በሩ ላይ የደረጃውን መደገፊያ ብረት እያሻሸሁ ብየዳው የለማጅ ነው ብዬ ለጥበቃው ስነግረው፣ እሷ አላውቅህም በሚል ዓይነት ሦስት እርምጃ ቀድማኝ ነበር። ውስጥ አስተናጋጁ ወንበር ሲስብላት ሊወስድባት መስሏት "ግድ የለም ልጄ፣ ውሰደው፣ ቆሜ እበላለሁ" አለችው። በልተን ስንጨርስ ደግሞ የኔን ሳህን ከሷ ሳህን ላይ ደርባ፣ የጎረቤት ጠረጴዛውንም ጨምራ ወደ ጓዳ ልትሄድ ተነሣች። እጇን ይዤ አስቀመጥኳት። ሰው አየን ብዬ ሳይሆን፣ የሌላውን ሳህን ብትሰብር ማን ይከፍላል ብዬ ነው።

ሦስተኛው ወይም አራተኛው ሐሙስ ላይ ይመስለኛል፣ ከዶሮ ወጡ ፈረሰኛውን አውጥታ የራሷ ሳህን ላይ አደረገችው። ፈረሰኛ የአባወራ ነው። ቤታችን ውስጥ እሷው ናት ሁልጊዜ እኔ ፊት የምታስቀምጠው። ዓይኔ ተከትሎት ሄደ።

"ምን ታያለህ? እኔም እወደዋለሁ" አለችኝ።

አርባ ሦስት ዓመት ሙሉ ለምን አልነገርሽኝም አልኳት።

"መቼ ተቀምጠን?"

ባዶ እንጀራ ጎረስኩ። እንዲህ መረታቴ ብዙ አይታይም፤ እሷም ታውቃለችና ቀስ ብላ ነበር ያኘከችው። ከዚያ ወዲያ በየሐሙሱ ያላወቅሁትን ትነግረኝ ጀመር። ወጣት ሳለች ነርስ መሆን ትፈልግ እንደነበር፤ ለልጃችን ሠርግ የለበስኩትን ቡናማ ኮት እንደምትጠላው፤ ትምህርቷን ልትቀጥል ማታ ተመዝግባ ወርክሾፑ አንድ ጊዜ ሲቃጠልብኝ እንደተወችው። ቤት ውስጥ ብትሆን ግማሹን ሳትነግረኝ ተነሥታ ትሄድ ነበር። እዚያ ግን የሚያስነሣት የለም፤ ጨውም ውሃም ሌላ ሰው ነው የሚያመጣው።

በሁለተኛው ዓመት ዋጋው ጨመረ። ልጄ ትንሽ ነው ብላ ከፈለች። በሦስተኛው ዓመት ልጆቿ ሁለቱም ትምህርት ቤት ገቡ፤ ከእንግዲህ አንቺ አትከፍይም ብዬ ቆረጥኩ። ወዲያው ከሆቴሉ አንዲት ልጅ ደወለችልኝ። ድምፅዋ ማር ነው። አባባ፣ የአባልነት ማሳደሻዎ ደርሷል አለችኝ። ስንት ነው አልኳት፤ ነገረችኝ። ጆሮዬን ተጠራጥሬ አስደገምኳት። ከመጀመሪያው ዓመት እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረው።

ማን ነው የጨመረው አልኳት። ማኔጅመንቱ ነው አለችኝ።

"ስብሰባው መቼ ነበር? እኔ እኮ አልተጠራሁም።"

ልጅቷ የዘይቱን፣ የሥጋውን፣ የዶላሩን መወደድ ትዘረዝርልኝ ጀመር። ይህ መች ጠፋኝ። እኔም ብረት ሲጨምር በር ያዘዘኝ ሰው ላይ እጨምር ነበር። ግን አስጠርቼ፣ በርጩማ ሰጥቼ፣ የገዛሁበትን ደረሰኝ አሳይቼ ነው። አባል ብለው ከጻፉኝ በኋላ ለማያውቁት ሰው እንደሚነገር በስልክ ይነግሩኛል ወይ? መዋጮ የሚጨመረው ጉባኤ ተጠርቶ፣ እጅ ወጥቶ፣ ቃለ ጉባኤ ተይዞ ነው። የዕድር ወግ ይህ ነው። የኔ ጭንቅላት የሚያውቀው ይህንን ነው፤ ሆቴል ሌላ ነው ብሎ የነገረኝም አልነበረም።

በማግስቱ ፍርድ ቤቱ አጠገብ ወዳሉት ማመልከቻ ጸሐፊዎች ሄድኩ። እኔ ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው፤ እጽፋለሁ፣ ለማመልከቻ ግን የሚያስፈራ የነሱ ቃል ያስፈልጋል። ጸሐፊው ኮምፒውተሩ ላይ እንዳቀረቀረ ተከሳሽ ማን ነው አለኝ። ሆቴል አልኩት። ምን አደረጉዎት ጋሼ ሲለኝ ምሳ አስወደዱብኝ አልኩት። ቀና ብሎ አየኝ። ወረፋ የያዙ ሁለት ሰዎች ሳቁ፤ አንዱማ ጋሼ ከረቱ የኔንም ቁርስ ቤት ይክሰሱልኝ አለኝ። ጸሐፊው ግን የሙያ ሰው ነው፤ ሳይስቅ "ጉዳዩ፦ የአባላት ጠቅላላ ጉባኤ እንዲጠራ ስለመጠየቅ" ብሎ ጀመረና አንድ ገጽ ሞላልኝ። ሲያነብልኝ በራሴ ኮራ አልኩ።

ማመልከቻ ያለ ፊርማ ወረቀት ነው። ስለዚህ በሚቀጥለው ሐሙስ ባለቤቴን ምሳ ላይ አስቀምጬ ወረቀቱን በፌስታል ጠቅልዬ ስቲም ክፍል ገባሁ፤ ወንዶቹ አባላት የሚገኙት እዚያ ነውና። እንፋሎት ውስጥ ፎጣ ታጥቆ የተቀመጠ ሰው እስክሪብቶ መያዝ አይወድም፤ ይህን ያወቅሁት ከገባሁ በኋላ ነው። አንድ ወፍራም ሰውዬ፣ አባቴ እኔ ካርዱን የገዛልኝ መሥሪያ ቤቴ ነው፣ ዋጋውን እንኳ አላውቀውም አለኝ። ሌላው በሥራ ሰዓት እዚህ መሆኔ እንዳይታወቅብኝ ብሎ ፊቱን አዞረ። ዋጋው የከበዳቸው ቀድመው መምጣት ትተዋል፤ የቀሩት ደግሞ አልከበዳቸውም። ላቤን ጠርጌ ስወጣ አንድ ፊርማ ነበረኝ፤ እሱም እርጥበት ይዞት ካርታ ላይ ያለ ዓባይ ይመስላል። ምግብ አዳራሹ ውስጥ አንዲት ጡረታ የወጡ አስተማሪ ፈረሙልኝ። ሦስተኛዋ ፈራሚ ባለቤቴ ናት።

"አንተ ሰውዬ፣ ምሳ ልንበላ ነው የመጣነው ወይስ ልትመረጥ?" አለችኝ። ፈረመች ግን። ወጡ ቀዝቅዞ ነበር፤ ብቻዋን ነበር የበላችው።

ምሳው እንዳለቀ ወደ ሥራ አስኪያጁ ገባን፤ ሱፍ የለበሰ ወጣት ነው። አልዋሽም፤ በክብር ተቀበለኝ፣ ሻይ አዘዘልኝ፣ ማመልከቻውን እስከ ታች አነበበው። ከዚያ እጆቹን አጣምሮ፣ አባቴ እዚህ ጉባኤ የሚባል የለም፣ ዋጋውን የሚቆርጡት ባለንብረቶቹ ናቸው፣ ካልተስማማዎት ያለማሳደስ መብት አለዎት አለኝ። ለድካሜ ብሎ አንድ ሙሉ ኬክ አስጠቀለለልኝ። በኬክ አልደለልም ብዬ ተነሣሁ። ባለቤቴ ከኋላዬ "ኬኩ ምን አጠፋ?" ብላ ተቀበለችው። ታክሲ ውስጥ ጭኗ ላይ አድርጋው ልደታ እስክንወርድ ድረስ አላናገርኳትም።

ቤት ስንገባ ማልኩ። ሳልጠየቅ የተጨመረ መዋጮ አልከፍልም አልኩ። ገንዘቡን ባጣው ኖሮ ሌላ ነገር ነበር፤ ተጨናንቄም ቢሆን ወርክሾፑን አከራይቼ የማገኘው ይሸፍነው ነበር። እልህ ነው። ካርዷ ቀኗ አለፈ።

የመጀመሪያው ሐሙስ ቤት በላን። ላጫውታት ብዬ ገና ስጀምር ውሃ ልታመጣ ተነሣች። ተቀመጪ ብዬ ውሃውን ራሴ አመጣሁ፤ ብርጭቆው የእንግዳ ነው ብላ ልትቀይረው ሄደች። ተመልሳ ስትመጣ የጀመርኩት ወሬ ጠፍቶኝ ነበር። ሁለተኛው ሐሙስም እንዲሁ። ምሳችን አሥር ደቂቃ አይፈጅም ነበር። ቀና ስል ባዶ በርጩማ ነው የማየው። ጉባኤው ላይ ብሸነፍ ይሻለኝ ነበር፤ እዚህ ግን ማንም ሳይከራከረኝ እየተሸነፍኩ እንደሆነ ይሰማኝ ጀመር። ያንን ለሷ መናገር ደግሞ ሌላ ሽንፈት ነው።

ሦስተኛው ሐሙስ ረፋድ ላይ ነጭ ነጠላዋን ለብሳ፣ የክት ጫማዋን አድርጋ፣ ያንተ ምሳ ተሸፍኗል ብላ ወጣች። ጎረቤታችን ያሉት ሴትዮ፣ ባላቸው የሞተባቸው፣ በር ላይ ሽቶ ሽቶ እየሸተቱ ይጠብቋት ነበር። ለቅሶ መስሎኝ ነፍስ ይማር አልኩ። ሁለቱም ሳቁ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተመለሰች። ፊቷን ሳየው ሆቴሉ እንደነበረች ገባኝ፤ የቀረውን ራሷ ነገረችኝ። በሴቶች ዕቁብ የወጣላትን፣ ፍሪጅ ልትገዛበት ያስቀመጠችውን ገንዘብ ወስዳ፣ በራሷ ስም ካርድ አውጥታለች። በአዲሱ ዋጋ። አንዲት ሳንቲም ሳትከራከር።

እኔ ነደደኝ። ሦስት ሰው አስፈርሜ አድማ መትተን አንቺው ራስሽ ታፈርሺዋለሽ አልኳት።

"አድማው ያንተ ነው፤ ምሳው ግን የኔ ነው" አለችኝ።

ያ ሁሉ ብር ግን አላሳዘነሽም ወይ አልኳት። ነጠላዋን እያጠፈች፣ ውድ ነው አለች። ውድ መሆኑን አልካደችም። አርባ ሦስት ዓመት ቆማ በነፃ መብላቷን፣ አሁን ግን እግሯም እንደማይችል፣ እሷም እንደማትፈልግ ነገረችኝ። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። ቆም ብላ ደግሞ ካርዱ ለሁለት ሰው ነው አለችኝ።

"ሴትዮይቱ ጥሩ ጨዋታ አላቸው። ማመልከቻም አይጽፉም።"

ሐሙስ ሲደርስ ጠዋት ተነሥቼ ፂሜን ተላጨሁ። ቡናማውን ኮት ትቼ ሌላውን ለበስኩ። አልጠራችኝም፤ አትምጣም አላለችኝም። በሩን ከፍታ ስትወጣ ትንሽ ዘገየች፤ እሱን እንደ ጥሪ ቆጥሬ ወጣሁ። ታክሲ ውስጥ ሁለት ሰው ብላ የከፈለች ጊዜ ልቤ ረጋ አለ።

ሆቴሉ ውስጥ ያቺ በስልክ የደወለችልኝ ልጅ፣ በድምፅዋ ነው ያወቅኳት፣ ቆማ ተቀበለችን። ወረቀቷን ስታይ ቆየችና እንኳን ደህና መጡ እማማ፣ አባባ የእርስዎ እንግዳ ናቸው አለቻት። ባለቤቴ ከላይ እስከ ታች ቃኘችኝ። ልግዛው አልግዛው የምትለውን ዕቃ የምታይበት ዓይነት አስተያየት ነው።

"ለዛሬ እንግዳዬ ነው። ለሚቀጥለው ጠባዩን አይቼ ነው።"

ልጅቷ አፏን በእጇ ሸፈነች። እኔ ዛሬም ጭማሪው ትክክል ነው አልልም፤ ከርሞም መጨመራቸው አይቀርም፣ ያኔም አይጠይቁንም። ይህንኑ ለልጅቷ ላስረዳት ብዬ ቆም ስል ባለቤቴ ጠረጴዛው ጋ ደርሳ ዞረች።

"ና ተቀመጥ" አለችኝ።

ሄጄ ተቀመጥኩ።