ለእሷ የታዘዘውን ኪኒን እኔ የዋጥኩበት ክረምት

ያ ክረምት ትዝ ሲለኝ ሁልጊዜ በጉም ውስጥ ነው የሚታየኝ። ነቀምቴ፣ ባኬ ጃማ ሰፈር በነበረችው ቤታችን፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ እኔ ልጄን ታቅፌ አንቀላፋለሁ፤ እሷም እየጠባች ታንቀላፋለች፤ ጠዋቱ ከከሰዓቱ ሳይለይልን ይመሻል። ሁለት ወር ሊሞላት ነው፣ አልቅሳ አታውቅም ማለት ይቻላል። ጎረቤቱ "እንዴት ያለች ጨዋ ልጅ ናት!" ሲለኝ እኔ ሞኟ እኮራ ነበር።

ለክትባት ስወስዳት ያያት የሚሲዮኑ ሐኪም ግን አልተደነቀም። ወፍራም ምላሷን አየ፣ ያበጠ እምብርቷን ዳሰሰ፣ ከዚያ በረዳቱ በድሬሰሩ አስተርጓሚነት ነገረኝ። አንገቷ ውስጥ ያለችው ዕጢ አትሠራም፤ ኪኒኑን በየቀኑ ካላገኘች ሰውነቷም አእምሮዋም ወደ ኋላ ይቀራል። ትንንሽ ነጭ ኪኒኖች በብልቃጥ ሰጠኝ።

መጀመሪያ እንደታዘዝኩት አደረግሁ። ጠዋት ጠዋት ኪኒኗን በሁለት ማንኪያ መሃል ፈጭቼ፣ ከጡቴ ጥቂት ወተት አልቤበት፣ በጉንጯ በኩል አፈስስላታለሁ። ያ ምላሷ መልሶ ይገፋዋል። ነጩ ጠብታ በአገጯ ሲወርድ የእኔም እንባ አብሮ ይወርዳል። በአራተኛው ቀን አማቴ ሊጠይቁኝ ከአርጆ መጡ። ስምንት ልጅ ያሳደጉ ናቸው፤ እንደ አገሬው "አዮ"፣ እናቴ፣ እላቸዋለሁ። ትግሌን አይተው ሳቁብኝ።

"ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ ምን ያሰቃያታል? አራስ የበላችው ሁሉ ወተት ይሆን የለም? አብሹን ለማን ብለሽ ነው የምትጠጪ? አንቺው ዋጪና አጥቢያት።"

እውነታቸውን መሰለኝ። አጃውንም አብሹንም የምጠጣው ለእሷ ነበር፤ እኔ ጎመን ስበላ የሷ ሆድ ይነፋል። ኪኒኑስ በየት በኩል ይቀራል? ዋጥኩ።

እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ እነዚያ ሦስት ሳምንታት ጣፋጭ ነበሩ። ኪኒኗን በውሃ አወራርጄ ጋደም እላለሁ። መድኃኒቱ በደረቴ ሲያልፍ፣ ከወተቱ ሲቀላቀል፣ ቀስ እያለ ወደ እሷ ሲፈስ የማየው ይመስለኝ ነበር። ውጪ ይዘንባል። እሷ ትተኛለች።

በቀጠሮው ቀን ሐኪሙ መዘናት፣ አገላበጣት፣ ፊቱ ጠቆረ። "እንዴት እንደምትሰጪያት አሳዪኝ" አለኝ። እኔም የጎበዝ ተማሪ ኩራት ይዞኝ ብልቃጡን ከፈትኩ፣ ኪኒኗን አፌ ውስጥ ጣልኩ፣ ዋጥኩ፣ ከዚያ ጡቴን አወጣሁ።

ድሬሰሩ ሳቁ አመለጠው። ሐኪሙ አልሳቀም። ለልጅቷ የሚበቃት ያህል መድኃኒት በወተት እንደማያልፍ ቀስ ብሎ አስረዳኝ። "ያለፉት ቀናትስ?" አልኩት። ብልቃጡን ከድኖ መልሶ እጄ ላይ አስያዘኝ።

በማግስቱ፣ ገና ወደ አርጆ ያልተመለሱት አዮ የሕፃኗን ራስ ይዘውልኝ፣ የፈጨሁትን በጣቴ ጉንጯ ውስጥ አስገባሁ። እስክትውጥ ድረስ ጣቴን አላወጣሁም። አዮ በአንድ እጃቸው ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ያለቅሱ ነበር። ከዚያን ቀን ወዲያ አንድም ጠዋት አላለፈንም።

አደገች። ዘግይታ በእግሯ ሄደች፣ ዘግይታ አፏን ፈታች፤ ከፈታች በኋላ ግን በኦሮምኛም በአማርኛም የሚያስቆማት ጠፋ። ትምህርቷንም ጨረሰች። ምንም አልጎደላትም ይሉኛል። እኔ ግን ዛሬም፣ ይህን የምታህል ሴት ሆና፣ ወሬ ጀምራ የሰው ስም ሲጠፋባት፣ "እማዬ፣ ማን ነበር?" ብላ ግንባሯን ስታሻሽ የያዝኩትን ጥዬ ወደ እሷ እዞራለሁ። ቶሎ ብዬ እነግራታለሁ። ያ ስም እኔ ሆድ ውስጥ የቀረ ይመስለኛል።