ሙቃዳስ አፏን የዘጋችበት ምሳ

ሙቃዳስ ምግብ ቤት ስትገባ መጀመሪያ የምታየው ምግቡን አይደለም። የአስተናጋጇን ጥፍር ታያለች። ከዚያ የጠረጴዛውን ጨርቅ ጫፍ በሁለት ጣቷ ይዛ ታሻሸዋለች፤ የሻይ ማንቆርቆሪያውን ክዳን ከፍታ ታሸታለች፤ ወንበሩን ወዝወዝ ታደርጋለች። ይህን ሁሉ ስታደርግ ገና አልተቀመጠችም።

የታሽከንት ሰው ምግብ ማጣጣል አይወድም። የሰው እጅ የደከመበትን እህል ማማት ነውር ነው። ጥሬም ይሁን ያረረ፣ «እጅሽን ቁርጥማት አይንካው» ብሎ፣ መዳፍን ፊት ላይ አሳልፎ፣ አሚን ብሎ መነሳት ነው ወጉ። ሙቃዳስ ይህን ሳታውቅ ቀርታ አይደለም። ነገር ግን ሠላሳ አንድ ዓመት በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የጥራት ተቆጣጣሪ ሆና ኖራለች፤ ጡረታ ስትወጣ ሥራው አብሯት ወጣ። ጨርቁ መብራት በተገጠመለት ጠረጴዛ ላይ እየተሳበ ያልፋል፣ እሷ የተበጠሰች ክር ወይም የዘይት ጠብታ ስታይ በጠመኔ ምልክት ታደርጋለች። እንከን የሌለው ጨርቅ ዝም ተብሎ ይታለፋል። ምን ይባላል? ደህና ነው፣ ይሂድ።

ከፋብሪካው የቀሩላት ሰባት ጓደኞች ናቸው፤ ከእሷ ጋር ስምንት። በወር አንድ ቀን ይሰበሰባሉ፣ ተራ የደረሳት ትጋብዛለች። ማኅበራቸውን «ጋፕ» ይሉታል፤ በአገሩ ቋንቋ ወሬ ማለት ነው፣ ስሙም አልተሳሳተም። ድሮ የሚሰበሰቡት በየቤታቸው ነበር። ጉልበት እየከዳ፣ ምራቶችም ፊታቸውን ማጥቆር ሲጀምሩ፣ ወደ ምግብ ቤት ወጡ። ያኔ የሙቃዳስ ዘመን ሆነ። በሰው ቤት ውስጥ እመቤቷ ፊት እንዴት ይነገራል? ምግብ ቤት ግን የማንም አይደለም ብላ አሰበች። የተሳሳተችው እዚህ ላይ ነው። ምግብ ቤቱን የመረጠችው ተረኛዋ ናት፤ የተነቀፈው ምግብ ሁሉ የተረኛዋ ጉንጭ ላይ ነው የሚያርፈው።

መጀመሪያ ላይ ሳቁላት። አንዱ ቤት የቀረበላትን በሥጋ የሚሞላ ሶምሳ ከፍታ ውስጡን ካየች በኋላ፣ «ሽንኩርቱን አገኘሁት፣ ሥጋው ለቅሶ ሄዷል መሰለኝ» ስትል እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። ሌላው ቤት ሙዚቃው ሲጮህ አስተናጋጁን ጠርታ፣ «ልጄ፣ ዘፋኙን ንገረው፣ እኛ ጋ ደርሷል፣ ይበቃዋል» አለችው። ይህ ሁሉ ያስቃል፣ የሌላ ሰው ተራ ከሆነ። የራስ ተራ ሲሆን ግን ሳቁ ጥርስ ላይ ብቻ ይቀራል።

ነገሩ የተበላሸው በናውሩዝ በዓል ሰሞን፣ በዙምራድ ስድሳኛ ዓመት ነው። ዙምራድና ሙቃዳስ ሃያ ዓመት አንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው የሠሩ ናቸው፤ አንዷ ስታስነጥስ ሌላዋ ይማርሽ የምትል። ዙምራድ ለልደቷ ግድግዳው ሁሉ መስታወት የሆነ ትልቅ ምግብ ቤት መረጠች፣ አረንጓዴ የሐር ቀሚስ አሰፋች፣ ደነሰች። መጨረሻ ላይ ሁሉም ወደ ሙቃዳስ ዞሩ። ሙቃዳስም አለች፦ «ሾርባው ጨው በዝቶበታል። መስታወቱም በዝቷል፤ ስድሳ የሞላት ሴት ራሷን በስምንት ቦታ ማየት የለባትም።»

ዙምራድ ከሁሉም በላይ ጮክ ብላ ሳቀች። ከዚያ ሁለት ወር ሙሉ ስልክ አልደወለችም። በቀጣዩ ወር ግብዣም አሞኛል ብላ ቀረች። አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል፤ ሙቃዳስም ምን እንዳመለጣት አልታወቃትም ነበር፣ ሆሲያት ቤቷ መጥታ እስክትነግራት ድረስ።

ሆሲያት ከስምንቱ ዝምተኛዋ ናት። የመጣችው ተራዋ ሦስት ቀን ሲቀረው ነው። ሻዩን ሳትጠጣ ፒያላውን፣ እጀታ የሌለውን ሲኒ፣ በእጇ ታዞረው ጀመር።

«ምነው፣ ሻዩ ምን ሆነ?» አለች ሙቃዳስ።

«ሻዩ ምንም አልሆነም። ሁሉም ነገር ምን ሆነ አይባልም እኮ፣ እቴ።»

«እሺ፣ ምን ልትነግሪኝ ነው? ፊትሽ እንደ ክስ ወረቀት ነው።»

«ዙምራድ አንቺ ካለሽበት አልመጣም ብላለች። ሌሎቹም ደክሟቸዋል። ከእንግዲህ ሳንጠራት ብንሰበሰብስ ተባለ።»

ሙቃዳስ ዳቦ ለመቁረስ የዘረጋችውን እጅ መለሰች። «ማን አለ?»

«ማንም ይበለው። እኔ ለመንኳቸው። አንድ ዕድል እንስጣት አልኩ። እንደ ጨዋ ሴት በልታ፣ አመስግና፣ አሚን ብላ ከተነሳች ትቀጥላለች። አንድ ቃል ከአፍሽ ከወጣ ግን በቃ። እባክሽ፣ በአላህ፣ አፍሽን ዝጊልኝ።»

«እኔ ውሸት አልናገርም።»

«ማን ተናገሪ አለሽ? ዝም በይ ነው የተባልሽው!»

ሆሲያት ከሄደች በኋላ ሙቃዳስ ፈራች። ባሏ ካረፈ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ልጇ ኮሪያ ፋብሪካ ይሠራል፣ በስልክ መስታወት ውስጥ ጭንቅላቱን እንጂ ሙሉ ሰውነቱን ካየችው ቆየች። ቅንድቧን በኡስማ ቅጠል ጭማቂ የምትኳለው ለዚያች በወር ለምትመጣው አንድ ቀን ብቻ ነበር። እውነት ተናግሮ ከመሸበት ማደር የሚለውን ተረት ትወደዋለች፤ ግን ለብቻ ማደር እንዴት እንደሆነ ታውቀዋለች። አፏን ልትዘጋ ወሰነች።

ሆሲያት የመረጠችው ቤት አሮጌው ከተማ፣ ቦዩ ዳር፣ ከተከፈተ ገና አራተኛ ቀኑ ነበር። ኦሽ ቤት ነው፤ ኦሽ ሩዝ ከሥጋና ከካሮት ጋር የሚበስልበት ምግብ ነው። ኦሽ በቤት ውስጥ ሴትም ትሠራዋለች፤ ለሕዝብ በትልቅ ብረት ድስት ሲሠራ ግን የወንድ ሥራ ነው፣ የታወቀ ነው። እዚህ ቤት ድስቱ አጠገብ ጭልፋ ይዛ የቆመችው ኦይጉል የምትባል ሴት ናት፣ ሠላሳ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው፣ ሙያውን ከአባቷ የወረሰች። መንገደኛው ወንድ ሁሉ አንገቱን አስግጎ ድስቱን እያየ ያልፋል፤ ገብቶ የሚበላው ጥቂት ነው።

ሙቃዳስ ገባች። ጨርቁን አልነካችም። ወንበሩን አልወዘወዘችም፤ ወንበሩ ግን ራሱ ተወዘወዘ። ሰባት ጥንድ ዓይን እሷ ላይ ነው። የእሷ ፒያላ ጠርዙ ተሸርፏል፤ ስንጥቁን በአውራ ጣቷ ሸፈነችው። ሬዲዮው የመኪና ጎማ ማስታወቂያ ይጮኻል። ሙቃዳስ ዳቦ ጎረሰች። በበሩ በኩል የተከተፈ ቢጫ ካሮት የሞላ ገበታ አየች፤ ሁሉም አንድ ልክ፣ አንድ ርዝመት። በማሽን ነው! ሌላ ዳቦ ጎረሰች። ኦሹ ሳይመጣ ግማሽ ዳቦ ጨርሳለች።

«ዛሬ ረሃብ ነው እንዴ?» አለች ከጎኗ ያለችው።

ሙቃዳስ አፏ እንደሞላ ራሷን ነቀነቀች።

እኩለ ቀን ላይ ኦሹ ቀረበ፣ ለአራት ሰው አንድ ትልቅ ሳህን፣ ሩዙ እየጨሰ፣ ሽምብራና ዘቢብ ጣል ጣል ብሎበት፣ የተከተፈው የበግ ሥጋ መሐሉ ላይ ተከምሮ። ሆሲያት ሆን ብላ ሙቃዳስንና ዙምራድን አንድ ሳህን ላይ፣ ፊት ለፊት አስቀምጣቸዋለች። እንግዲህ በዚያ አገር ከአንድ ሳህን ሲበላ ሥጋውን ወደ ራስ መሳብ ስግብግብነት ነው፤ ጨዋ ሰው ወደ ፊት ለፊቱ ሰው ይገፋል። ሙቃዳስ ገፋች። ዙምራድ ቀና ሳትል መልሳ ገፋች።

«ብዪ እንጂ፣ ላንቺ ነው» አለች ሙቃዳስ።

«አመሰግናለሁ፣ አንቺ ብዪ» አለች ዙምራድ፣ ለማታውቀው ሰው እንደሚባለው።

ሥጋው ሄደ፣ መጣ። ያኮረፉ ሰዎች ከታረቁት ይልቅ ጨዋ ናቸው። በሌላኛው ሳህንም ያሉት አራቱ፣ ዓይናቸው እነዚህ ሁለቱ ላይ ስለነበር፣ ሳያስቡት እየተገፋፉ ነው። ሩዙ አለቀ፤ ሥጋው ግን ይሉኝታ ጠፍሮ ይዞት መሐል ላይ ቀረ። አስተናጋጇ ሁለቱንም ሳህን አንስታ ወሰደች።

ብዙም ሳይቆይ ኦይጉል ራሷ ወጣች። ሽርጧን በእጇ ጨብጣለች፣ ፊቷ አመድ መስሏል።

«እትዬዎቼ፣ ሥጋው ምን ሆኖ ነው?»

«ኧረ ምንም!» አሉ ስድስት ሰባቱ አንድ ላይ። «ግሩም ነው! እጅሽን ቁርጥማት አይንካው!»

«ሁለት ሳህን ሥጋ ሳይነካ ተመልሷል።»

«ጠግበን ነው ልጄ! በጣም ይጣፍጣል!»

«ትናንትም የበላው ሁሉ እጅሽን ቁርጥማት አይንካው ብሎኝ ሄዷል፤ አንዱም ዛሬ አልተመለሰም» አለች ኦይጉል። «ሸቷል አይደል? ሴት አትችለውም ያሉት እውነታቸውን ነው። ውጭ ዘጠኝ ሰዎች ተሰልፈዋል፤ እንዳይገቡ አስቁሜያለሁ። ድስቱን ልደፋው ነው፣ ሰው ሳልመርዝ።»

ሴቶቹ ይበልጥ ማሉ፣ ይበልጥ አመሰገኑ። ባመሰገኑ ቁጥር ኦይጉል ይበልጥ አላመነችም። ማን ያምናል? ይህን ቃል እሷም ለሰው ቤት ያረረ ሩዝ ስትል የኖረች ናት። ሙቃዳስ አፏ ውስጥ ዳቦ ይዛ ጠረጴዛውን ታያለች። ኦይጉል ወደ ድስቱ ልትሄድ ፊቷን አዞረች።

«ሙቃዳስ!» አለች ዙምራድ። ስሟን ከጠራች ሁለት ወሯ ነው። «ምን ትጎለቻለሽ? ተናገሪ እንጂ!»

ሙቃዳስ ዳቦውን ዋጠች። «ከልክላችሁኛል።»

«ፈቀድን! አንቺ እንከኑንም ስለምትናገሪ ታምንሻለች። ዘላለም የምትለፈልፊ ሴት ለመድኃኒት ስትፈለጊ ትጠፊያለሽ?»

«ሁሉንም ልናገር?»

ዙምራድ ሆሲያትን አየቻት፣ ሆሲያት ዓይኗን ጨፈነች። «ሁሉንም» አለች ዙምራድ።

ሙቃዳስ ተነሳች። «ልጄ፣ ነይ ወዲህ። ያን ሥጋ መልሺው።» ሥጋው እስኪመጣ ጊዜ አላባከነችም። «ካሮትሽ በማሽን የተከተፈ ነው፤ ማሽን ይጨፈልቀዋል፣ ውሃውን ያወጣል፣ ኦሽሽ ለዚህ ነው ከሥሩ የላላው። ከሙኑን ዘግይተሽ ነው የጨመርሽው፣ ጥርስ ላይ ጥሬው ይሰማል። ይህ ፒያላ ተሸርፏል፣ ለእንግዳ የተሸረፈ አይሰጥም፣ ጣይው። ወንበሩ ያነክሳል። ያን ሬዲዮ ዝጊው፤ እኔ ኦሽ ልበላ እንጂ ጎማ ልገዛ አልመጣሁም።»

ኦይጉል አፏን ከፍታ ትሰማለች። ሆሲያት ጠረጴዛው ሥር ብትገባ ደስ ባላት ነበር። ሥጋው መጣ። ሙቃዳስ አንድ ቁራጭ በጣቷ አንስታ ጎረሰች፣ አላመጠች፣ ሁለተኛ አነሳች። ሦስተኛውን ስታነሳ ሴቶቹ መሳቅ ጀመሩ።

«ሥጋው እንከን የለውም» አለች። «እኔ ይህን የምለው ቆጥቤ ነው፣ ጠይቂያቸው። ለስላሳ ነው፣ ጨዉ ልክ ነው፣ ሲቀቀል የቸኮለበት ሰው የለም። አባትሽ አስተምሮሻል። ያልበላነው ተግደርድረን ነው፤ ሲግደረደሩ ጦም ያድሩ ማለት እኛ ነን። ሂጂ፣ ሰዎቹን አስገቢ።»

ኦይጉል አለቀሰች፣ ከዚያ ሳቀች። የሙቃዳስን እጅ በሁለት እጇ ይዛ፣ «ካሮቱን ከነገ ጀምሮ በእጄ ነው» አለችና «ክፈቱ! አስገቡ!» እያለች ሮጠች። ስምንቱ ሴቶች ሁለቱንም ሳህን ሥጋ ማንም ማንንም ብዪ ሳይል ጨረሱት።

ሲወጡ ሌሎቹ ወደፊት ቀደሙ። ሙቃዳስና ዙምራድ ድልድዩ ላይ ታክሲ እየጠበቁ ቆሙ። ከቦዩ ዳር ካለው የቱት ዛፍ የወደቀው ፍሬ መሬቱን አጥቁሮታል።

«ለማታውቂያት ሴት ጥሩውን ተናገርሽላት» አለች ዙምራድ፣ ቦዩን እያየች። «ሃያ ዓመት ለማውቅሽ ለእኔ ግን ሾርባና መስታወት።»

«ጥሩውን የምታውቂው መስሎኝ።»

«ከየት አውቃለሁ? ማን ነግሮኝ?»

ሙቃዳስ ጉሮሮዋን ጠረገች። እንከን ለመናገር ጉሮሮ ጠርጋ አታውቅም። «ዳቦው ትኩስ ነበር። ጥብሱም ጥሩ ነበር። ያ አረንጓዴ ቀሚስ ...» ቆም አለች። «ስትደንሺ እናትሽን መሰልሽኝ። ፋብሪካ ሳለን ታበላን የነበረችውን እናትሽን። በየመስታወቱ እሷን አየኋት፣ ላለቅስ ደረስኩ። በሰው ልደት ይለቀሳል? ለዚያ ነው የሾርባውን ያወራሁት።»

ታክሲው መጥቶ ቆመ። ዙምራድ የሻርፗን ጫፍ ዓይኗ ላይ አድርጋ ጫን አለችና በሩን ከፈተች።

«ይህን ሁለት ወር ሙሉ ሆድሽ ውስጥ ይዘሽ ዞርሽ? አንቺ ክፉ ሴት!» አለች። ገብታም ጠጋ ብላ ከጎኗ ያለውን ወንበር መታ መታ አደረገችላት።