የሃያ አምስት ደቂቃ ተጫዋች

ቲበሪዩ በቡድኑ መታጠቢያ ቤት ሙቅ ውሃ አጥቶ አያውቅም። አሮጌው ማሞቂያ ለአምስት ሰው ይሞቅና ለስድስተኛው በረዶ ያወርዳል። ሌሎቹ ጭቃቸውን ይዘው ገብተው በተራ ሲጨቃጨቁ፣ እሱ ታጥቦ፣ ፀጉሩን አድርቆ፣ ጃኬቱን እስከ አገጩ ከዘጋ ቆይቷል። ሁለት ዓመት በፕሮፌሽናልነት ተጫውቶ ያተረፈው ይህንን ነው ቢባል ብዙም ማጋነን አይሆንም።

ነገሩ የመጣው ከደንቡ ነው። ሊጉ እያንዳንዱ ቡድን ከሃያ ሁለት ዓመት በታች የሆነ አንድ ልጅ ከመጀመሪያው እንዲያሰልፍ ያዛል። ልጁ ስንት ደቂቃ ይቆይ በሚለው ላይ ግን ደንቡ ዝም ብሏል፤ አሰልጣኞች ደግሞ ዝም ያለ ደንብ ይወዳሉ። ቡድኑ የጂዩ ሸለቆ ከሰል ቆፋሪዎች ቡድን ነው። አሰልጣኙ ቮይኩ፣ ተጫዋቾቹ ሁሉ «ሚስተር» የሚሉት፣ ቲበሪዩን መሐል ሜዳ ላይ ያሰልፈውና ሃያ አምስተኛው ደቂቃ አካባቢ ልምድ ባለው ጎልማሳ ይቀይረዋል። ክፋት የለበትም። በወጣ ቁጥር ትከሻውን መታ መታ አድርጎ «ጎበዝ፣ ሥራህን ሠርተሃል» ይለዋል። ሥራው ደንቡ በሚፈልገው ዓመት መወለዱ ብቻ ነበር።

መጀመሪያ ሰሞን ያንገበግበው ነበር። ኳስ ሳይደርሰው በፊት የት እንደሚልከው የሚያውቅ ልጅ ነው፤ ይህንን ደግሞ ሃያ አምስት ደቂቃ ውስጥ ማን ያይለታል? በኋላ ቁጭቱ ራሱ ደከመው። አራተኛው ዳኛ ቁጥር የሚበራበትን ሰሌዳ ከፍ ሲያደርግ እግሩ ሳያማክረው ወደ መስመሩ ያመራል። አያዝንም፣ አይናደድም። ጥርስ ሊነቀልለት ማደንዘዣ እንደተወጋ ሰው፣ እንደሚነካካ ያውቃል እንጂ አይሰማውም።

የከፋው የአባቱ የትራያን ነገር ነው። ጨዋታ ቅዳሜ አምስት ሰዓት ላይ ይጀመራል፤ የትራያን የከሰል ቁፋሮ ፈረቃ የሚያበቃው ስድስት ሰዓት ነው። ፈረቃ እንዳይለዋወጥ፣ ቅዳሜ ጉድጓድ መግባት የሚፈልግ የለም፤ ሁሉም ኳስ ማየት ይፈልጋል። ከጉድጓድ ወጥቶ፣ ታጥቦ፣ በጋዜጣ የተጠቀለለ የሱፍ ፍሬ ገዝቶ አጥሩ ጋ ሲደርስ፣ ልጁ ተቀያሪ ወንበር ላይ ጃኬቱን ለብሶ ተቀምጧል። ከታዳጊነቱ ወዲህ ሲጫወት አንድ ቀን አላየውም። ያም ሆኖ በእጁ ሰላም ይለዋል። ሲያበቃም የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው።

«ዛሬስ ስንት?»

«ሃያ አምስት።»

«ባለፈው ሃያ ሦስት አልነበር? ይኸው አደግህ።»

ከዚያ ሱፉን እየፈለፈሉ ወደ ቤት ይሄዳሉ።

ግንቦት ላይ የዓመቱ የመጨረሻ ጨዋታ ደረሰ። ቲበሪዩ ክረምቱን ሃያ ሁለት ይሞላል፤ ደንቡ ከእንግዲህ አይፈልገውም፤ ውሉም ያበቃል። አርብ ከልምምድ በኋላ ቮይኩ ጠራው።

«ነገ አላወጣህም። የአምበላችን የደንቹ ጉልበት አብጧል፤ ስልሳ ደቂቃ ከቻለ ተመስገን ነው። እሱን ቀይሬ አንተን መሐል ላይ እተውሃለሁ። ዘጠናውን ጨርስና ስለ ውል እናወራለን።»

«እሺ ሚስተር።»

«ምነው፣ ደስ አላለህም?»

«ብሎኛል።»

አላለውም። ደስታውን ፈለገ፣ የት እንዳስቀመጠው ጠፋው። ማታ ራት ላይ ለአባቱ ነገረው። ትራያን ማንኪያውን ሾርባው ውስጥ ተወው።

«ሙሉውን?»

«እንደዚያ ነው ያለኝ።»

«እንግዲያው ሳልታጠብ ነው የምመጣው።»

በማግስቱ ማልያ ሲለብሱ አምበሉ ደንቹ ጉልበቱን በፋሻ እየጠቀለለ፣ «ቲቢ፣ ዛሬ ሙቅ ውሃውን ለእኛ ለሽማግሌዎቹ ልትተውልን ነው አሉ» ሲል ሁሉም ሳቁ። ቲበሪዩም ሳቀ።

ሃያ አምስተኛው ደቂቃ ላይ ሁለት ጊዜ ወደ መስመሩ ዞሮ አየ። ሰሌዳ የለም። በእረፍት ሰዓት መልበሻ ቤት ሲገባ የት እንደሚቀመጥ ግራ ገባው፤ በዚያ ሰዓት ከሌሎቹ ጋር እዚያ ኖሮ አያውቅማ። ሁለተኛው አጋማሽ ሲጀመር ደረቱ ይቃጠል፣ ባቱ ይጠብቅ ጀመር። ድካም የሚባለውን ነገር ረስቶት ነበር። ደስ አለው። ሃምሳ አምስተኛው ደቂቃ ላይ በሁለት ተከላካዮች መካከል የላካት ኳስ ለጥቂት ግብ ሳትሆን ቀረች፤ ሱፍ የሚፈለፍለው ሕዝብ ማኘኩን አቁሞ አጨበጨበለት።

ስልሳ ሦስተኛው ደቂቃ ላይ ሰሌዳው ከፍ አለ።

ቁጥሩ ስድስት ነበር፤ የደንቹ። የቲበሪዩ ስምንት ነው። እሱ ግን ቁጥር አላየም። ሰሌዳ ማየት ለእሱ በቂው ነው። እግሩ ተነሳ። ደንቹ እያነከሰ በወዲያኛው መስመር ሲወጣ፣ እሱ በወዲህኛው ወጣ። ተቀያሪው ሮጦ ገባ፣ ዳኛው ጨዋታውን አስቀጠለ። ቲበሪዩ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ጃኬቱን እስከ አገጩ ዘጋ። ተጋጣሚዎቹ ማንም በሌለበት መሐል ሜዳ እንደ ልባቸው አልፈው ግብ አስቆጠሩ።

ቮይኩ ሊጮህ ዞር ሲል አየው።

«አንተ እዚህ ምን ትሠራለህ?»

«ሰሌዳው ወጣ ሚስተር።»

«ቁጥሩስ?»

«አላየሁትም።»

ቮይኩ አልጮኸም። ሜዳውን አየ፣ ጃኬቱን አየ። «ተቀመጥ በቃ» አለና ሌላ ተጫዋች ጠርቶ በእሱ ቦታ አስገባ።

ያን ጊዜ ነው ትራያን የደረሰው። ፊቱ ከሰል እንደለበሰ አጥሩን ያዘ። መጀመሪያ ዓይኑን ወደ ሜዳው ወረወረ፣ ከዳር እስከ ዳር ፈለገ። አላገኘውም። ከዚያ ዓይኑ ወደ ለመደው ቦታ ሄደ። ልጁን አየው፤ እንደ ሁልጊዜው እጁን አንስቶ ሰላም አለው። ቲበሪዩም እጁን አነሳ።

ጨዋታው አልቆ ቲበሪዩ ሳይታጠብ ወጣና አጥሩ ጋ ተገናኙ።

«ዛሬስ ስንት?»

«ስልሳ ሦስት።»

«ስልሳ ሦስት? ሰውየው ሙሉውን አላለም እንዴ? ታዲያ ለምን አስወጣህ?»

ቮይኩ ላይ ማላከክ ቀላል ነበር። «እሱ አላስወጣኝም አባዬ። ማንም ሳይጠራኝ ነው የወጣሁት።»

ትራያን ሱፉን መፈልፈል አቆመ።

«አመመህ?»

«የለም።»

«ታዲያ ምን ሆንክ?»

«ምንም አልሆንኩም» አለ ቲበሪዩ። እውነቱን ነበር፤ እውነት መሆኑም አስፈራው። ወደ ቤት አቀኑ። በመንገድ የሚያልፈው ሰው የአባቱን ፊት እያየ ይገረማል፤ ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ከሰሉን ሳይታጠብ ከተማ የሚወጣ ቆፋሪ የለም። ላቡ ከግንባሩ እስከ አገጩ ነጭ መስመር አውርዷል። ቲበሪዩ ያንን መስመር ሲያይ አመመው፤ ከሁለት ዓመት በኋላ፣ እንደ ጥርስ።

በሩ ላይ ሲደርሱ ትራያን፣ «ውሃው ሞቋል፣ ቅደምና ታጠብ» አለው።

«የለም አባዬ» አለ ቲበሪዩ፤ «ዛሬ አንተ ቅደም።»